ለሁለት ሰው የተለካ ሻንሲ

ሰኔ 2

ወራሹ ዛሬም መጣ። አባቱ፣ አከራያችን፣ በሕይወት ሳሉ እዚህ ግቢ ውስጥ ምን እንደምሠራ እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ልጁ ግን ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ አጥሩን እየነካካ ይዞራል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። እኔ ተከራይ ነኝ እንጂ ባለቤት አይደለሁም፤ ስለዚህ የተናቀው ማን እንደሆነ በደንብ አልገባኝም። ከፊት ያለውን ጋራዥም ከኋላ ያሉትን ሁለት ክፍሎችም እስከ ነሐሴ መጨረሻ ልቀቁ አለ። በጨዋ ደንብ እሺ አልኩት። ከሄደ በኋላ አንድ ጤነኛ ፓራፋንጎ፣ የጎማ ጭቃ መከላከያ፣ በመዶሻ አጎደጎድኩ።

ባለቤቴ በራችን ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ክር ወይም መርፌ በከንፈሯ ሳትይዝ ያየኋት ጊዜ ጥቂት ነው። ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ሰኔ 3

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ በምትኩ ሐሳብ መጣልኝ። ሸበቶ አለች አይደል?

ሸበቶ ጋራዡ ጥግ ሸራ ለብሳ የቆመችው አፍንጫማ የጭነት መኪና ናት። እኔ ሳልወለድ ነው የተሠራችው። ኮፈኗ ላይ ቀለሙ ነጥቶ ነው ስሙን ያወጣንላት። ከአንድ ወፍጮ ቤት ጓሮ ጎትቼ ያመጣኋት አስነሥቼ ልሸጣት ነበር። ሞተሯ ተነሣ፤ መሸጡ ግን አልሆነልኝም። ዛሬ ገባኝ፤ ይህን ቀን እየጠበቀች ነው። ሻንሲዋን፣ ሁሉን የሚሸከመውን የሥር ብረቷን፣ አስረዝሜ ከላይዋ ቤት እሠራለሁ። መኝታ፣ ማብሰያ፣ መስኮት፣ በር። ሥራ ወዳለበት ከተማ እየሄድን እኔ የመኪና ቦዲ እሠራለሁ፤ እሷም ትሰፋለች። ከእንግዲህ ማንም ሰው ተነሥቶ ውጣ አይለኝም።

ቁርስ ላይ ነገርኳት። "መኪና ላይ?" አለች። መኪና ላይ አልኳት። ሻይዋን ጨርሳ ባዶውን ብርጭቆ ይዛ ቆየች። ዝምታ መስማማት ነው።

ሰኔ 7

ዛሬ ከአይቸኩሌ ጋር የሸበቶን ሸራ ገለጥን። አይቸኩሌ በያጄ ነው፤ ከጎረምሳነታችን ጀምሮ አብረን ሠርተናል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞች ናቸው። አንድ ቦታ ከመበየዱ በፊት ዞሮ ያየዋል፣ ተቀምጦ ያየዋል፣ ተነሥቶ ደግሞ ያየዋል፤ ደንበኛው ሲያልበው ይውላል። የበየደው ነገር ግን ተለያይቶ አያውቅም።

ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በትንሽ መዶሻ እየመታን አዳመጥነው። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የተበላ ብረት ያጉረመርማል። ክብደቱን የሚሸከመው የኋላው ባሌስትራ የሚታሰርበት አካባቢ ትንሽ አጉረመረመ፤ ሌላው ደህና ነው። ዕቅዴን ነገርኩት። ከጋቢናው ኋላ እንቆርጣለን፤ አንድ እርምጃ የሚያህል ብረት እናስገባለን፤ መገጣጠሚያውን ከውስጥ በሌላ ብረት እናጠናክራለን፤ የኋላውን ጎማ ወደ ኋላ እንገፋለን። ከዚያ ላይ ቤቱ ይቀመጣል።

አዳምጦ አዳምጦ፣ "እሷስ ምን አለች?" አለኝ።

እኔ ስለ ሻንሲ ስጠይቀው እሱ ስለ ሚስቴ ይጠይቀኛል። ምን ትላለች፣ ደስ ብሏታል አልኩት። ወደ ብረቱ ተመልሶ ደግሞ ያየው ጀመር።

ሰኔ 11

በእኛ ሥራ ወረቀት ላይ የተሣለ ነገር አይታመንም። አንድ ቦዲ ከመጀመራችን በፊት ሙሉውን በትክክለኛ ልኩ ጋራዡ ወለል ላይ በጠመኔ እንሥለዋለን፤ ከዚያ ገብተን እንቆምበታለን። ሾፌሩ በጠመኔው ጋቢና ውስጥ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ክንዱን ይዘረጋል፣ መሪ ያዞራል። የሚጠበው ያኔ ይታወቃል።

ዛሬ የራሳችንን ቤት አይቸኩሌ ገመድ እየያዘልኝ ሣልኩ። ጠራኋት፤ መቀሷን እንደያዘች መጣች። በሩ ይኸውልሽ አልኳት። በበሩ አልገባችም፤ መስመሩን ተራምዳ በግድግዳው ገባች። በግድግዳ የምትገባ ሴት ነው ያገባሁት ብዬ ሳቅሁ፤ እሷም ትንሽ ሳቀች። አልጋው ላይ ጋደም በይ ብላት ወለሉ ዘይት ነው፣ ቀሚሴ ይበላሻል አለች። ስለዚህ እኔ ተጋደምኩ። እሷ ከመስመሩ ውጭ ቆማ ታየኛለች። ይበቃሻል ወይ ስላት፣ "ለአንተ ይበቃሃል" አለች።

አሳቢ ናት። ሁልጊዜ ቅድሚያ የምትሰጠው ለእኔ ነው።

ሰኔ 15

ቁም ሣጥኗን በጠመኔው ሥዕል ላይ በግማሽ አስቀነሰችኝ። ብዙ ልብስ የለኝም አለች፤ ሌላውን ስታለብስ የኖረች ሴት። ማብሰያውም ይነስ፣ ሁለት ድስት ምን ያደርጋል አለች። በተረፈው ቦታ ለመዶሻዎቼ መደርደሪያ አወጣሁ። እንዲህ በቀላሉ ቦታ የሚለቅ ደንበኛ በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። ሁሉም እንደሷ ቢሆኑ እኔም እንደ ሸበቶ ባልሸበትኩ ነበር።

ሰኔ 20

ዝናብ። ጣሪያው አፈሰሰ፤ ግማሹ ቤት ታጠበ፤ ማብሰያው ጠፋ። እንደገና ሣልኩ።

ለግድግዳው ያዘዝኩት የቱቦላሬ ብረት አልመጣም። ነገ ይላሉ።

ወራሹ ሰው ይዞ መጥቶ ግቢውን በእርምጃ ለካ። እርምጃው አጭር ስለሆነ ግቢው ትልቅ መስሎታል። ደስ ይበለው።

ሰኔ 26

ዛሬ ትልቅ ክርክር ነበር። ክርክር ለማለት እንኳ ያስቸግራል፤ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

የስፌት መኪናዋ ባለ ብረት እግር፣ በእግር የምትረገጥ፣ ለሁለት ሰው የምትከብድ ናት። ለሷ ቦታ አትፈልግ አለችኝ። ልብስ ሰፊ ያለ መኪና ምን ልትሆን ነው አልኳት። "አታስብ፤ መቀመጫ አታጣም" አለች። ለአንዷ ወዳጇ በአደራ ልትሰጣት አስባለች መሰለኝ። ተቆጣሁ። እኔ መዶሻዬን ይዤ ስሄድ እሷ መሣሪያዋን ጥላ የምትከተለኝ ምን በደል አድርሼባት ነው? ሰው ምን ይለኛል? ብዙ ተናገርኩ። እሷ እጅጌ ትተረትር ነበር፤ ጨርሼ ስቀመጥ እሷም እጅጌውን ጨርሳ ተነሣች።

ጋራዥ ገብቼ ዕቅዱን ቀየርኩ። ከታሰበው እርምጃ ላይ ሌላ አንድ ክንድ ጨመርኩና በግራ በኩል፣ መስኮቱ ሥር፣ ለስፌት መኪናዋ ልክ የሆነ ቦታ አወጣሁ። አልነግራትም። ስታየው ትገረማለች። ሚዛኑም በዚህ ሰምሯል። በቀኝ የውሃ በርሜሉና የእኔ መሣሪያ፣ በግራ የሷ መኪና፣ የጨርቅ ሣጥኗ፣ ካውያዎቿና ድስቶቿ። እኔ በቀኝ፣ እሷ በግራ፣ ሸበቶ ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

ሐምሌ 2

ከልጃችን ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ልጃችን አግብታ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። "ክፍሉ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል?" ትላታለች። ምስኪን፣ የመስኮቱ ነገር አሳስቧት ከልጅ ጋር ትማከራለች። ልጅቷ ስለ እኔ መኪና ምን ታውቃለች? እኔን አትጠይቀኝም?

ጠዋቱን በግራ በኩል ያለውን መስኮት በጠመኔው ሥዕል ላይ አሰፋሁት። መኪና ምሥራቅ የለውም እርግጥ ነው። የደረስንበት ሁሉ ፀሐይ ወደምትወጣበት አዙሬ አቆምላታለሁ።

ሐምሌ 9

ተቆረጠ።

አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይላሉ፤ እኔ ከአሥርም አልፌ ለካሁ። ከፊትም ከኋላም በግንድ ደግፈን፣ መስመሩን አስምረን፣ መቁረጫውን ከያዝኩ በኋላም አስቀምጬ መስመሩን ደግሜ ለካሁት። ፈርቼ ነው። እዚህ ካልጻፍኩት ለማን እናገረዋለሁ? ይህ ብረት እኔ ሳልወለድ ጀምሮ አንድ ሆኖ የኖረ ነው፤ የሚለያየው በእኔ እጅ ነው። ሲለያይ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ከፊት አፍንጫዋ ቀረ፣ ከኋላ ጎማዎቿ፣ መሐሉ ባዶ። አይቸኩሌ ኮፍያውን አወለቀ፤ ከዚያ ያወለቀበት ምክንያት አሳፍሮት መሰለኝ መልሶ አደረገው።

እንድታይ ፈልጌ ነበር። ጠዋት ነግሬያት ነበር። ልብስ ላስረክብ ብላ ወጣች። ስትመለስ አዲሱ ብረት ገብቶ ተበይዷል። "አለቀ?" አለች። አሁን ከማይመለስበት ላይ ደርሰናል አልኳት፤ በኩራት ነው ያልኩት። ፊቷን አዞረች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። የብየዳ ጭስ ዓይን ይለበልባል።

አይቸኩሌ መበየዱን ካቆመ ቆይቶ ነበር፤ ግን ጭስ ጋራዥ ውስጥ ይቆያል።

ሐምሌ 14

ማጠናከሪያው ገባ። ሻንሲው ከድሮው ይጠነክራል።

ምሳ ላይ አይቸኩሌ፣ ሰው ቤት ሲሠራ ሚስቱ መጋረጃ ትለካለች፣ ያንተዋ ለካች ወይ አለኝ። ሥራ በዝቶባታል አልኩት። እሱ ደግሞ መቼ ነው ስለ መጋረጃ ማሰብ የጀመረው?

ሐምሌ 21

ግድግዳዎቹ ቆመዋል፤ ላሜራውን እያለበስን ነው። ዝናቡ ሲመታው ስንነጋገር አንሰማማም። ጥሩ ድምፅ አለው። ለመኝታ ግን ከውስጥ ጣውላ ካልተለበጠ አያስተኛም።

እሷ ሌሊትና ቀን ትሰፋለች። የደንበኞቿን ጨርቅ ሁሉ ጨርሳ እያስረከበች ነው። ያልጀመረችውን ደግሞ ሌላ ሰፊ ፈልጉ እያለች ትመልሳለች። አንዷ ደንበኛዋ በሩ ላይ አቅፋት ስታለቅስ አየሁ። ለአንድ ቀሚስ ይህን ያህል? ሴቶች ሲለያዩ ያጋንናሉ። ለማንኛውም ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ ሥራዋን ማጠናቀቋ ያስመሰግናታል፤ እኔ አሁንም ገና መስኮት ላይ ነኝ።

ራት ላይ ስለ መስኮቱ መስተዋት አጫወትኳት። እያየችኝ ነበር። 

ሐምሌ 29

ዛሬ አዘንኩ።

የውስጡ ጣውላ ስላለቀ አስገባኋት። ቀለሙን እንድትመርጥ ነው የጠራኋት፤ ዋናው ነገር ግን ያ ቦታ ነበር። መስኮቱ ሥር ወሰድኳት። የስፌት መኪናዋ እግሮች የሚያርፉባቸውን አራት ጉድጓዶች አሳየኋት፤ መኪናው ሲሄድ እንዳትንሸራተት በልካቸው የተፈለፈሉ ናቸው። ስትተኛ ደብቄ ነው የለካኋቸው። ጣቷን አንዱ ጉድጓድ ውስጥ አድርጋ ቆመች።

"አትሥራ ብዬህ ነበር" አለች።

እኔ ሌላ ነገር ነበር የጠበቅሁት። ምን እንደጠበቅሁ አላውቅም። ሌላ ነገር። ቀለሙንስ ብላት የፈለግከውን ቀባ አለች። ከዚያ ወጥታ ሄደች። ከእኛ ክፍል የሷ መኪና ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ ትረግጣለች፣ ታቆማለች፣ ትረግጣለች።

አረንጓዴ ቀባሁት። ምናልባት ደክሟት ይሆናል። እኔም አፌ ሹል ነው፤ ቁጡ ነኝ፤ ያስቀየምኳት ነገር ይኖራል። ምኑን እንደሆነ ግን ቆጥሬ አላገኘሁትም።

ነሐሴ 5

የሙከራ ጭነት ቀን። ሳይጫን ቀጥ ብሎ የሚቆም መኪና ሳይቸገር ጨዋ የሚሆን ሰው ማለት ነው፤ ሁለቱም ገና አልታዩም። እስከ ቀትር ሁሉም ዕቃ ይግባ ብዬ ጮኼ ብሎን ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ ካርቶኖቿ፣ ድስቶቿ ያሉበት ሣጥንና ያ ትልቁ የጨርቅ ሣጥን በግራ በኩል ተደርድረው በገመድ ታስረዋል። ማንንም ሳታስቸግር ብቻዋን ነው የጫነችው። በዚህ ዕድሜዋ! እኔ ወገቤን ይዤ በምነሣበት ጊዜ።

ያላለቀ ቀሚስ አለብኝ ስላለች የስፌት መኪናዋ አልገባችም። በቦታዋ እሷን የሚያህል ቁርጥራጭ ብረት አስቀመጥኩ። በርሜሉን ሞላን። ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አኖርኩ።

ወደ ቀኝ አዘንብላለች። አንድ ጣት ያህል።

ነሐሴ 6

የቀኙ ባሌስትራ ደክሟል። ፈታነው። ከግራው ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። እኩል ናቸው።

የጎማ ንፋስ። እኩል።

ጋራዡ ወለል። ልክ ነው።

መልሰን ገጠምን። አንድ ጣት። አይቸኩሌ ከሥር እንደተኛ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ፣ ባሌስትራው ምን አደረገ አለ። ተረትህን ለሌላ ቀን አልኩት።

ነሐሴ 8

ሻንሲው ተጣሟል ብዬ ገመድ ወጥሬ ከጥግ ጥግ ለካሁ። አልተጣመመም። ሥራችን እንከን የለውም፤ መኪናዋ ግን ታዘነብላለች። ወራሹ ቁልፉን መቼ ነው የምትሰጠኝ እያለ ይደውላል።

አይቸኩሌ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። "ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ" አለ። "የቀኙን አንተ ነህ የጫንከው፤ ታውቀዋለህ። የግራውን አንዱን እንኳ አንሥተህ አይተሃል?"

የሚስቴን ሣጥን የምበረብር ሰው ነኝ ወይ ብዬ ጮህኩበት። ሌላም ጨመርኩ። ኮቱን አንሥቶ ሥራ ሳያልቅ ሄደ። አብረን ስንሠራ ይህ ሆኖ አያውቅም። ነገ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ነሐሴ 9

ጠዋት እሷ ሳትነሣ መኪናው ላይ ወጣሁ። ትልቁን የጨርቅ ሣጥን ትንሽ ወደ ግራ ብገፋው ሚዛኑ ይስተካከል ይሆናል አልኩ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ያ ሣጥን ጥቅል ጨርቅ ሞልቶበት ለሁለት ወንድ የሚከብድ ነው። ትከሻዬን አስደግፌ ባለኝ ኃይል ስገፋው ሸርተት ብሎ ሄዶ ግድግዳው ላይ ተላተመ፤ እኔም አብሬው በግንባሬ ልደፋ ነበር።

ገመዱን ፈታሁ። ጋዜጣ ነው ያለው። የተጨማደደ ጋዜጣ እስከ ታች። ካርቶኖቹን ከፈትኩ። የስፌት ቅዳጅ፣ ባዶ የክር እንጨት፣ ቅዳጅ። የድስቶቹ ሣጥን ውስጥ አንድ ድስት፣ የእኔ።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ምን እንደነበር ልጻፈው። ቦታ ለመያዝ ነው፣ ዋናውን ገና ትጭናለች አልኩ። እንዲህ ብዬ ሁሉንም መልሼ አሰርኩ፤ ወርጄ ፊቴን ታጠብኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ማታ እሷ ናት የጀመረችው። ገመዱ በሌላ ሰው እጅ መታሰሩን አይታለች፤ ከሰፊ ዓይን ቋጠሮ አያመልጥም።

"እኔ አልመጣም" አለች። "ልጃችን ክፍል አዘጋጅታልኛለች። እዚያ ነው የምኖረው።"

እስከ መቼ አልኳት። ከእንግዲህ አለች። የሚነገር ነገር ሁሉ እያለ ከአፌ የወጣው፣ ታዲያ ጋዜጣውን ለምን ጫንሽው የሚል ነው።

"እስከ ቀትር ይግባ አልክ" አለች። "ደስ ብሎህ ነበር። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ደስ ብሎህ አላውቅም። ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ሻንሲው ተቆረጠ።"

ምን አጠፋሁ አልኳት። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጣቶቿን ታያለች። ዕድሜዋን ሙሉ በመዶሻ ድምፅ ውስጥ እንደሰፋች ነገረችኝ። እኔ ስመታ መርፌው ይዘልባታል፤ ስለዚህ ስመታ ትጠብቃለች፣ ሳርፍ ትሰፋለች። እንዲህ ነው የኖርነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ከአንድ ግድግዳ ወዲያ ማዶ ተቀምጣ እኔ እስካርፍ ስትጠብቅ ኖራ እኔ አላውቅም ነበር።

"ደክሞኛል" አለች። "የማይንቀሳቀስ ወለል ላይ ልቀመጥ።"

መስኮቱን አስፍቼልሽ ነበር አልኳት። አውቃለሁ አለች፤ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ግን ወጥቼ፣ ሸበቶ ኋላ።

ነሐሴ 10

ምንም አልሠራሁም።

ነሐሴ 13

መስኮቱ ሥር ያለውን ያንን ቦታ ለማፍረስ መዶሻ ይዤ ገባሁ። ሁለት ጊዜ መታሁት። ከዚያ ከወዲያ በኩል የስፌት መኪናዋ ቀጥ ማለቷን ሰማሁ። እየጠበቀችኝ ነው። መዶሻውን አስቀመጥኩ፤ ብዙ ቆይታ ደግሞ ጀመረች።

አይቸኩሌ ተመልሷል። ይቅርታዬን ሳልጨርስ እሺ አለ። ሌላ ጋራዥ ሥራ አግኝቷል። እንደማትመጣ መቼ አወቅክ አልኩት። በጠመኔ የሣልናት ቀን፣ በግድግዳው ስትገባ አለ። ለምን አልነገርከኝም ብዬ ልቆጣ ነበር። እሷስ ምን አለች ብሎ የጠየቀኝ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

ነሐሴ 20

ልጃችን ጋ አድርሰኝ አለችኝ፤ የስፌት መኪናዋን የሚጭን ሌላ ሰው የለም። አደርሳለሁ አልኳት።

አራት ሰው ጠርተን ጫንናት። እግሮቿ ጉድጓዶቹ ውስጥ ቁጭ አሉ፤ ስትነቀነቅ አትነቃነቅም። ጋዜጣውን ጥዬ ሣጥኑን በጨርቆቿ ሞላነው። ድስቶቿ፣ ካውያዎቿ፣ ሁሉም ገባ። ልማድ ሆኖብኝ ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አኖርኩ። አረፋዋ መሐል ላይ ቆመች። አይቸኩሌም አየ። 

ቁልፉን ለወራሹ ሰጠሁት። አመሰግናለሁ አለ። ልጁ ለካ ክፉ አይደለም።

ነሐሴ 22

ቀኑን ሙሉ ነዳሁ። ሸበቶ ዳገት ላይ ታለከልካለች እንጂ አላሳፈረችኝም። ባለቤቴ ጋቢና ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ትንሽ ተጫወትን፤ ስለ ልጃችን ሕፃንነት፣ ስለ ድሮ ጎረቤት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጥሩ ቀን ነበር ብል አልዋሸሁም። የሚያልቅ መሆኑ ነው እንጂ።

ልጃችን ከነባሏ በር ላይ ጠበቁን። ዕቃው ወረደ። ክፍሉን አየሁት፤ ንጹሕ ነው፣ መስኮቱም ሰፊ ነው። ልሂድ ብዬ ስነሣ ልጃችን እጄን ያዘች። "አባዬ፣ የት ልትሄድ ነው? መኪናህን ግቢው ውስጥ አቁማት። አንተ ቤትህ ውስጥ፣ እማዬ ክፍሏ ውስጥ። ማን ውጣ ይልሃል?"

ባለቤቴን አየኋት። እምቢ አላለችም። እውነቴን ነው፣ እምቢ አላለችም። "መዶሻውን ካላመጣህ" አለች፤ ፈገግ ያለች መሰለኝ። በሰው ቤት ጥገኛ አልሆንም ማለት ነበረብኝ፤ እንደዚያ ነው የምለው። አላልኩም። ሮጬ መሪው ላይ ወጣሁ፤ ልቤ እንደ ልጅ ይመታል።

የግቢው በር በስፋቱ አሳለፈኝ። ሸበቶ ገባች፣ ገባች። አፍንጫዋ የቤቱን ግድግዳ ሊነካ ሲል አቆምኩና ወረድኩ። ጅራቷ ከበሩ ውጭ ነው። አንድ ክንድ። በሩ አይዘጋም፤ መንገዱ ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ማለፊያ ያጣ መኪና ከኋላ ጥሩምባውን ይነፋ ጀመር። የልጃችን ባል ግራ ቀኝ ብናደርጋት አለ። ሞከርን። ግቢው ሌላ ርዝመት የለውም። ያ አንድ ክንድ ለስፌት መኪናዋ የጨመርኩት መሆኑን ለማወቅ ሜትር አላስፈለገኝም።

ባለቤቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሁለታችንም የሸበቶን ጅራት አየን።

"ልቁረጣት?" አልኳት።

ከዚያ አፌን ዘግቼ ጠበቅሁ። ባለ ጥሩምባው አላረፈም። እሷ አሰበች፤ ተገፍታ ሳይሆን ተረጋግታ አሰበች።

"ሁለቴ የተቆረጠ ሻንሲ ሰው አይጫንበትም" አለች። "አንተ ነህ የነገርከኝ። ራት ላይ።"

መቼ እንደነገርኳት አላስታውስም። ይህን ሁሉ ዘመን ራት ላይ ስለ ብረት ስለፈልፍ ትሰማኝ ነበር ማለት ነው። እሷስ ምን ትነግረኝ እንደነበር ላስታውስ ሞከርኩ። እዚያው ቆሜ፣ እጄ ላሜራው ላይ እንዳለ፣ አንድ ነገር እንኳ ፈለግሁ። አንድም አላገኘሁ።

ልጃችን መንገዱን እያየች በእጇ መራችኝ፤ ወደ ኋላ ወጣሁ፤ ባለቤቴ ግቢው ውስጥ ቀረች። በሩን ዘጉት።